እናቴ አውራ ጣቷን የነፈገችው ወረቀት

ባለፈው ዓመት ለዑምራ መካ በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ከዙህር ሰላት ስመለስ፣ ያረፍንበት ቤት ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ውሃ ታፈሳለች። የዐባያዋን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባለች። ፀሐይ ሲያነደው በዋለው እምነበረድ ላይ ክሎሮክስ የተቀላቀለበትን ውሃ ስትደፋው፣ አፍንጫ የሚሰረስረው ሽታ ከድንጋዩ ትኩሳት ጋር ተደባልቆ ሽቅብ ወጣ። አብረውኝ የነበሩት ሴቶች አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው አለፉ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ሴትየዋ ቀና ብላ መልኬን አየችና «እለፊ የኔ እህት፣ አብሽሪ፣ አያዳልጥም» አለችኝ፣ በጥርት ባለ የወሎ አማርኛ።

ወዲያው ማለፍ አልቻልኩም። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ጅዳ ሸረፊያ በምትሠራበት ቤት፣ እናቴ ከላይኛው ደረጃ ውሃውን ትለቀዋለች፣ እኔ ከታች ሆኜ በላስቲክ መጥረጊያ ወደ በሩ እገፋዋለሁ።

አገር ቤት ክረምት ነው በሚባልባቸው ወራት ጅዳ እንደ ምድጃ ትግላለች። ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ፣ ኑዝላ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ብቻዬን የምውልበት ነገር ስላልነበር፣ እናቴ ከሥራ ቦታዋ ይዛኝ ትሄድ ነበር። እናቴ ፋጡማ ትባላለች። የምትሠራው ሸረፊያ፣ ከሱቆቹ ጀርባ በተደበቀ ባለ ሦስት ፎቅ የቆየ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እናቴ «ማዳም» ትላታለች፣ እኔ «ኻላ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። ማዳም አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት፤ አነስ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ። የሟች ባሏ ወንድም ዐሚ ሳልም ደግሞ ወደቡ አጠገብ የዕቃ መጋዘን አለው። አባቴ እንድሪስ የሚሠራው እዚያ ነው። የእናቴም የአባቴም የእኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በዐሚ ሳልም ስም ነው የወጣው። በሌላ አነጋገር፣ እሱ «ኸላስ፣ በቃ» ካለ ሦስታችንም ከዚያ አገር እንወጣለን። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። የኑዝላ ልጅ ይህን ሳያውቅ ጥርሱን አይነቅልም።

ደረጃው ከታጠበ በኋላ የእኔ ሥራ ጣሪያው ላይ ነው። አነስ እዚያ፣ ከውሃው ታንከር ጥላ ሥር፣ ስድስት ካናሪ የሚባሉ ቢጫ ወፎች በሽቦ ቤት ያረባ ነበር። ውሃቸውን እቀይራለሁ፣ ጥሬ እሰጣቸዋለሁ፣ ከሥር የተነጠፈውን ጋዜጣ አነሳለሁ። ጋዜጣውን ከመጣሌ በፊት አርእስቱን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ዐረብኛ ማንበብ በጣም እወድ ነበር፤ በእውነቱ ሰው ሲሰማኝ ይበልጥ እወድ ነበር። እናቴ የወጥ ቤት ዐረብኛ እንጂ የወረቀት ዐረብኛ አታውቅም። ፊደልም አልቆጠረች። ለዚህ ነው ከሱቅ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ላይ የተጻፈውን እኔ የማነብላት።

ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ኡስታዝ ባድር ይመጣል። የአነስ የድሮ አስተማሪ ነው፤ ወፍራም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው። ሁለቱ ሳሎን ቁጭ ብለው መጽሐፍ ይለዋወጣሉ። እናቴ ሻሂ ታቀርባለች፣ እኔ የሰሊጥ ብስኩት ይዤ እከተላለሁ። አንድ ቀን ኡስታዙ ከእጁ ያለውን መጽሐፍ ገልጦ «እስቲ አንብቢ» አለኝ። አንድ ገጽ ሳልደናቀፍ ዘለቅኩት። «ማሻአላህ!» አለና ወደ እናቴ ዞሮ፣ በእኔ በሐያት ስም እየጠራ፣ «ኡም ሐያት፣ ይህችን ልጅ ደረጃ አታሳጥቢያት፤ ቃል ነው የምታጥበው» አላት። እናቴ ነገሩ በደንብ ባይገባትም፣ መመስገኔን ከፊቱ አውቃ፣ ሻሂውን ከወትሮው አብልጣ ሞላችለት።

አነስን የወሰዱት ማክሰኞ ቀን ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ደረጃው ገና ሳይደርቅ፣ ሦስት ሰዎች መጡ። ጩኸት አልነበረም። አንደኛው እንዲያውም እርጥቡን ደረጃ እንዳያቆሽሽ ጫማውን አወለቀ። የአነስን ኮምፒዩተር፣ ስልኩን፣ ከመደርደሪያው ደግሞ አንድ ከረጢት ሙሉ መጻሕፍት ሰበሰቡ። ጫማውን ያወለቀው ሰው ውሃ አምጪልኝ አለኝ። ለእንግዳ በሚወጣው ብርጭቆ፣ በረዶ ጨምሬ አመጣሁለት። «ባረከላሁ ፊኪ» አለኝ፤ ደስ አለኝ። በዚያ ደስታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አነስ የቤት ልብሱን እንደለበሰ በመካከላቸው ሲወርድ ከአጠገቤ ቆም አለና «ሐያት፣ ወፎቹን አደራ» አለኝ። ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ አላገኘም።

ማዳም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስልክ ይዛ ክፍሏን ትዞራለች። እኔና እናቴ ወጥ ቤት ሆነን ድምጿ ይሰማናል። «በአንድ ተግሪዳ!» ትላለች። «ልጄን በአንድ ተግሪዳ!»

ተግሪዳ። ቃሉን አውቀዋለሁ። በሁለተኛ ክፍል ተምረነዋል፤ የወፍ ዜማ ማለት ነው። ለካ አነስ የታሰረው ወፎቹ ስለጮኹ ነው! «ወፎቹን አደራ» ያለኝም ለዚህ ነው። ጎረቤት ከስሶት መሆን አለበት። ከጎን ያለው ሕንፃ ላይ የሚኖረው ሽማግሌ ሁልጊዜ መስኮቱን ድርግም እያደረገ ሲዘጋ አይቻለሁ። ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ።

በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወፎቹን ተቆጣኋቸው። «ዝም በሉ! በእናንተ ምክንያት ነው!» አልኳቸው። ይብሱኑ ዘፈኑ። ከልብስ ማድረቂያው ገመድ ሁለት የአልጋ አንሶላ አውርጄ የሽቦ ቤቱን ዙሪያውን ጠቅልዬ አሰርኩት። በጨለማ ዝም አሉ። ሥራዬን እንደጨረሰ ሰው ኩራት ተሰምቶኝ ወረድኩ። በሦስተኛው ቀን አንሶላውን ስገልጠው፣ ከስድስቱ ሁለቱ በሙቀት ታፍነው ሞተው አገኘኋቸው።

በአበባ ማሰሮ ውስጥ ልቀብራቸው አፈሩን ስጭር ማዳም ጣሪያው ላይ ወጣች። አነስ ከተወሰደ ወዲህ ከክፍሏ ስትወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ፀጉሯ አልተበጠረም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዝም እንዲሉ ሸፍኛቸው ነበር፣ ኻላ» አልኳት እያለቀስኩ። «ተግሪዳቸውን ፖሊስ እንዳይሰማው። እንዳይሞቱ እንኳ ውሃ አስቀምጬላቸው ነበር።»

አፈሩን አየች፣ ወፎቹን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ አላልቅ ብሎ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ከታንከሩ ጥላ ሥር፣ ትኩሱ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ተግሪዳ ማለት አሁን አሁን ሰው በስልኩ ጽፎ ለሕዝብ የሚለቀው አጭር ቃልም እንደሚባል ነገረችኝ። አነስ የጻፈውን አንድ ዘመዷ ፎቶ አንስቶ ልኮላት ነበር፤ ከስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። የምወደው ነገር ነውና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው ወይ ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ወይ ወደ እናቱ ይመለስ።»

«ይኼ እኮ እውነት ነው» አልኳት።

ማዳም በመዳፏ አፌን ያዘችኝ። አላመመኝም፤ ቀስ ብላ ነው ያደረገችው። እጇ ዑድ ይሸታል። ከጣሪያው ዙሪያ ያሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ ከቃኘች በኋላ ነው እጇን ያነሳችው። ሰው የሚታሰረው ውሸት ሲናገር ነው ብዬ አምን ስለነበር፣ ያን ቀን ምንም አልገባኝም። አራቱን ወፎች ግን ዳግመኛ አልሸፈንኳቸውም።

ዐሚ ሳልም ወረቀቱን ይዞ የመጣው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልናገርበት አልችልም። አነስን አባቱ ከሞተ ጀምሮ እንደ ልጁ አሳድጎታል፤ ለእኔም ለዒድ ልብስ ይገዛልኝ ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ጉንጮቹ ገብተው ሌላ ሰው መስሏል። ወጥ ቤት ድረስ መጣና፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀቱን ሰሐን በሚታጠብበት ገንዳ አጠገብ አስቀመጠ። ከኪሱ ትንሽ የቀለም ሳጥን አወጣ። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች።

«ኡም ሐያት፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትሽን አሳርፊ። ለአነስ ነው» አላት።

እናቴ እጇን በጉርድ ቀሚሷ ጠረገች። «ምን ይላል?»

«አነስ ጥሩ ልጅ መሆኑን ነው የሚለው። አንቺ አሳድገሽው የለ?»

«ወላሂ ጥሩ ልጅ ነው» አለች እናቴ። ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋች። ከዚያ መለስ አደረገችውና ጠራችኝ። «ሐያት፣ ነይ አንብቢልኝ።»

ዐሚ ሳልም «አያስፈልግም፣ ልጅ ናት» አለ። እናቴ ግን የሩዝ ከረጢት እንኳ ሳይነበብላት የምትከፍት ሴት አይደለችም። ወረቀቱን አነሳሁት። ስለማንበቤ እንጂ ስለማነበው አላሰብኩም፤ ለኡስታዝ ባድር እንዳነበብኩት ሁሉ ሐረካውን፣ የአናባቢ ምልክቱን፣ ሳልውጥ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። «እኔ ከዚህ በታች አሻራዬን ያኖርኩት የቤት ሠራተኛ፣ ኡስታዝ ባድር የተባለው ሰው በየሳምንቱ ወደዚህ ቤት እየመጣ፣ ወጣቱን አነስን በመንግሥት ላይ እንዲነሳ ሲያነሳሳው፣ የሚጽፈውንም ቃል በቃል ሲያስጽፈው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ...»

እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ስጨርስ ማዳም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እናቴ በአማርኛ ንገሪኝ አለችኝ፤ ነገርኳት።

«እኔ ይህን ሰምቻለሁ?» አለች፣ ራሷን እንደምትጠይቅ ሁሉ። ከዚያ ወደ ዐሚ ሳልም ዞራ በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛዋ፣ «ያ ዐሚ ሳልም፣ እኔ ሻሂ ነው የማቀርበው። ስለ መጽሐፍ ያወራሉ፣ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ይህን አልሰማሁም» አለችው።

ዐሚ ሳልም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳት፤ እኔ ተረጎምኩ። አዲስ ሕግ አለ፤ በዚያ ሕግ እንዲህ የሚጽፍ ሰው እንደ ሽብርተኛ ሊቆጠር ይችላል፤ ልጁ ግን ተሳስቶ፣ ሌላ ሰው አሳስቶት እንደጻፈው ከታወቀ ምሕረት ሊደረግለት ይችላል፤ የሚያሳስት ሰው ግን ስም ያስፈልገዋል፤ ስሙም ወረቀቱ ላይ አለ። «እስከ ቅዳሜ አስቢበት» አለ። ሲወጣ ደግሞ፣ እኔን ሳያይ፣ «እንድሪስም ያስብበት» ብሎ ጨመረ። ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ የአባቴን ስም እናቴም ሰምታዋለች።

«ሽብርተኛ ማለት ምንድን ነው?» አልኳት አውቶቡስ ውስጥ።

«ሰው የሚያስፈራ ማለት ነው» አለችኝ። አነስ ማንን እንዳስፈራ አሰብኩ፤ ከበረሮ ራሱ የሚሸሽ ልጅ ነበር።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ እራቱን አቁሞ እጁን ታጠበ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፤ ሲናደድ ደግሞ ይብስበታል።

«ፋጡማ፣ አሻራሽን አድርጊ።»

«ያልሰማሁትን?»

«እዚህ አገር ስንኖር ስንቱን ሰምተን አልሰማንም ብለናል? አሁን አንድ ጊዜ ያልሰማነውን ሰማን ብንል ምናለበት? እነሱ ዐረቦች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ናቸው። ሐያት ትምህርቷን ገና አልጨረሰች። ወደየት ነው የምንገባው? ባቲ ምን አለን?»

እናቴ ሰሐኑን አነሳች። አባቴ ፈሪ አልነበረም፤ ወደብ ላይ ከተራራ የሚበልጥ ኮንቴይነር ሥር የሚውል ሰው ነው። የሚፈራው ለእኛ ብቻ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ግን ይህን መለየት አልቻልኩም፤ በዚያ ምሽት እናቴ አንገቷን ደፍታ ስለነበር የተሸነፈች መስሎኝ ነበር።

ጁምዓ ዕለት እናቴ ይዛኝ መካ ሄደች። መስጂዱን ከጎበኘን በኋላ በእግራችን ሚስፈላ ሰፈር፣ ሸህ ኑሩ ዘንድ ደረስን። የሸህ ኑሩ አያት ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ተወልደው ያደጉት መካ ነው፤ አማርኛቸው ግን ከእኔ ይሻላል። በጠባብ ሱቅ ውስጥ የተገነጠለ ቁርኣን ይጠርዛሉ። ሱቃቸው ሙጫና ቆዳ ይሸታል። ሰው የከበደው ነገር ሲገጥመው ይህን ሱቅ ያውቀዋል።

እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሸህ ኑሩ መርፌያቸውን ሳያቆሙ ሰሙ። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና፣

«ልጄ፣ በሐሰት መመስከር ከትልልቆቹ ኃጢአቶች አንዱ ነው፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ» አሉ። «ነገር ግን የተገደደ ሰው አለ። ቤቱን፣ እንጀራውን፣ ልጁን ይዘውበት በግድ መስክር የተባለ ሰው፣ አላህ ልቡን ያያል፤ ይምረዋል። የሰው አገር ነው። አንቺ ደካማ ነሽ። ብታደርጊው የሚፈርድብሽ እኔ አይደለሁም።»

እፎይ አልኩ። እናቴም እፎይ ትላለች ብዬ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን እዚያ የተቆለሉትን የተገነጠሉ ገጾች እያየች፣

«ሸህ፣ አንቱ ያሉት ሐቅ ነው። እኔን ይምረኛል» አለች። «ኡስታዙስ? እኔ ምሕረት ሳገኝ እሱ ሊታሰር ነው። ደግሞስ እኔ መች ተገደድኩ? ገና ለመኑኝ እንጂ።»

ሸህ ኑሩ መርፌውን አስቀመጡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው የእናቴን ራስ ይዘው ዱዓ አደረጉላት። ዱዓው ረጅም ነበር፤ እግሬን ደንዝዞኝ ነበር፤ ግን አልተቀመጥኩም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ታጥባ፣ ለዒድ የምታደርገውን ሻሽ አድርጋ ወጣች። ሳሎን ስንደርስ ዐሚ ሳልምና ማዳም ተቀምጠው ይጠብቁናል። ወረቀቱና ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። እናቴ እንደ ልማዷ ቆማ አልቀረችም፤ ፍቀዱልኝ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ስትቀመጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ሐያት፣ ዛሬ በአማርኛ ነው የምናገረው። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ» አለች። «ያልኩትን ነው የምትይው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

እናቴ ትላለች፣ እኔ እከተላለሁ።

«ዐሚ ሳልም፣ አነስን እወደዋለሁ። ትኩሳት ሲይዘው ራሱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደረግኩለት እኔ ነኝ። ዳኛ ቢጠራኝ እሄዳለሁ፤ ፖሊስ ቢጠራኝ እሄዳለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ማንንም ሲበድል አላየሁትም እላለሁ፤ ለዚያ ዐሥሩንም ጣቶቼን አኖራለሁ። ይህን ወረቀት ግን አልፈርምም። የሚለው ያልሰማሁትን ነው።»

ዐሚ ሳልም ብድግ አለ። «ልጁ እዚያ ቢሞት በአንቺ ላይ ነው!»

እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ኡስታዝ ባድርም እናት አለው» አለች።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ልለውጣት ፈለግኩ። ማዳም ታለቅሳለች፣ ዐሚ ሳልም ፊቱ ጠቁሯል። በለዘብታ «ኡስታዙ ያሳዝነኛል» ብል ይሻል መሰለኝና እንደዚያ አልኩ። እናቴ ወረቀት አታንብብ እንጂ ጆሮ አላት፤ «ኡም» የሚለውን ቃል፣ እናት የሚለውን፣ ከአፌ ሳይወጣ እንደቀረ አወቀች። ክንዴን ያዘችኝ። «ያልኩትን በይ።»

«ኡስታዝ ባድርም እናት አለው» አልኩ በዐረብኛ፣ አሁን ሳልደናቀፍ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት አድርጌ የተናገርኩት ዐረፍተ ነገር የለም። በእናቴ ቃል ላይ ድምፄን ሰጥቼ፣ ትልቅ ሰው የሆንኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

ዐሚ ሳልም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ኸላስ» አለ። «ኹሩጅ። ሦስታችሁም። በዚህ ወር ውስጥ ከአገር ትወጣላችሁ።»

እኛ ጫማችንን አድርገን ወጣን። በቀሩት ቀናት እናቴ ኑዝላ ቤታችንን ስትሸክፍ አባቴ ከመጋዘኑ ተባርሮ ቤት ይውላል። አልተቆጣትም፤ ከዚያ የከፋ ነገር አደረገ፤ አላናገራትም። ውሃ ሲፈልግ እንኳ ለእኔ ነበር የሚናገር። እናቴም አላባበለችውም። የቤት ዕቃውን ለጎረቤት ስታድል፣ እሱ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን አንዲት ሴት በታክሲ መጥታ ሰፈሩን «የእንድሪስ ቤት የቱ ነው?» እያለች ስትጠይቅ ልጆች ይዘዋት መጡ። ማዳም ነበረች። አባቴን ደረጃው ላይ አልፋው ገባች። እናቴ እሷን የምታስቀምጥበት ወንበር ስለሌላት ግራ ገባት፤ ማዳም ግን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«ፋጡማ፣ ትናንት ልጄን አሳዩኝ» አለች። «ዐሥራ አምስት ደቂቃ። ስለ ወረቀቱ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። 'ፈረመች?' አለኝ። 'አልፈረመችም' አልኩት። እዚያው፣ ዘበኛው እያየው፣ ወለሉ ላይ ለሱጁድ ወደቀ። 'አልሐምዱሊላህ፣ በኡስታዙ ደም ልወጣ ነበር' አለኝ።»

ማዳም ቀጠለች። ኡስታዝ ባድርን ጠርተው ሁለት ቀን ሲጠይቁት ቆይተው ነበር፤ የሚመሰክርበት ሰው ስላጡ ወደ ቤቱ መልሰውታል።

«እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቴን ወደ ግድግዳ ነበር ያዞርኩት» አለች። «ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። አፉ በዪኝ።»

እናቴ «እናት ነሽ» ብቻ አለቻት። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ምሳ በልተሻል ወይ አለቻት። አልበላችም ነበር። የተረፈን አንድ ሰሐን ብቻ ስለነበር ከአንድ ሰሐን በሉ፤ እኔም ከመካከላቸው።

አነስ ተፈርዶበት ዓመታት ታስሮ ከወጣ በኋላ ማግባቱን ሰምተናል። ኡስታዝ ባድር ማስተማሩን አልተወም። የእኛ ኹሩጅ ግን አልቀረም። ማዳም የባሏን ወንድም ለመነችው፣ እሱ ግን አንዴ ተናግሯል።

የመሄጃችን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአባቴ ጋር መጋዘን የሠሩ ሰዎች ሊሰናበቱን ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ፤ የባቲም፣ የከሚሴም፣ የየመንም ሰዎች። ኹሩጅ የመጣበት ሰው «ኮንትራቴ አለቀ» ይላል፤ እንደዚያ ነው ልማዱ፤ ማንም አያምነውም፣ ማንም አይጠይቀውም። አንድ አዲስ የመጣ ልጅ እግር ግን ልማዱን አላወቀም።

«አያ እንድሪስ፣ ምን አጥፍታችሁ ነው የሚያስወጧችሁ?» አለው።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔም አባቴ ኮንትራቱን ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። ለሁለት ሳምንት የተዘጋው አፉ ሲከፈት፣ ያ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው፣ እስከ መንገዱ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ፣

«ምንም አላጠፋንም» አለ። «ሚስቴ ፋጡማ በንጹሕ ሰው ላይ በሐሰት አልመሰክርም ብላ ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቋት፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አለች። እኔ ራሴ ፈርሚ ብያት ነበር። እኔንም እምቢ አለችኝ።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ የመናዊ ወደ እናቴ ፊቱን አዞረና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሌሎቹም ተከተሉት። እናቴ ደረጃው አናት ላይ ቆማ፣ የት እንደምትገባ ጠፍቷት፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች።

«እንድሪስ፣ ይልቅ ሻንጣውን አንሳ» አለችው። «አውሮፕላኑ አንተን ቆሞ አይጠብቅም።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። በኑዝላ መንገድ ሁልጊዜ ከፊት ከፊት እየቀደመ የሚሄድ ሰው ነበር። ያን ቀን ሁለቱንም ሻንጣ አንስቶ ቆመና፣ እናቴን አሳልፎ፣ ከኋላዋ ወረደ።